ከጋቢህ ሥር የቀረው መስቀል

ይድረስ ከደብራችን ጽድ ሥር ላረፍኸው ለአባዬ፦

ከተለየኸን በዚህ ፍልሰታ ድፍን አምስት ዓመት ሞላህ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ተማሪ ሳለሁ «ደኅና ነኝ፣ እንደምን ናችሁ» ብዬ ሁለት መስመር ስልክልህ «ይች ልጅ ቀለሙ የሚያልቅባት ይመስላታል እንዴ?» እያልህ ለእማዬ ታነብላት ነበር። ዛሬ ግን የምነግርህ ብዙ ነው፤ አረፍ ብለህ ስማኝ። በሰው ፊት «አንቱ»፣ ቤታችን ውስጥ «አንተ» እያልሁህ ነው ያደግሁት። ይኸ የቤታችን ወሬ ነውና አንተ ልበልህ።

እማዬ ደኅና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ መድኃኒቱን ሳመጣላት «ነገ እጀምረዋለሁ» ትላለች፣ ይኸው ያ ነገ ሳይመጣ ዓመት አለፈ። አንተ በትከሻህ እየገፋህ የምትከፍተው አሮጌ መዝጊያ ወልቆ የበጎቹ በረት ላይ ገብቷል። አዲሱ የብረት ነው፤ ሲዘጋ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ደብሩም አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። በዚህ ክረምት ዝናቡ ሲወርድበት ቅዳሴው አልሰማ እያለ ሽማግሌዎቹ «የዛገው ይሻለን ነበር» ብለው ያማርራሉ። እኔ አሁንም ሞጣ ጤና ጣቢያ ነኝ። አንተ «ዶክተሯ ልጄ» እያልህ ለአገሩ ስታወራ፣ እኔ «ኧረ ነርስ ነኝ አባዬ» እያልሁ ስከራከርህ ነው የኖርነው። አሁንም ቢቸና ስገባ ሰው የሚጠራኝ ዶክተር ብሎ ነው። ይሁን፣ አንተ አሸነፍህ።

የጻፍሁልህ ግን ለዚህ አይደለም። የእትዬ ውዴን ነገር ልነግርህ ነው። ከቤታችን ሦስት ቤት አልፈው ያሉትን፣ ጥጥ እየፈተሉ ለደብሩ ጧፍ የሚያቀርቡትን የንስሐ ልጅህን። እኔና አንተ ሳናውቀው እኚያን እናት አምስት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን በር ውጭ አቁመናቸዋል። ይህን እንድጽፍልህም ራሳቸው ፈቅደውልኛል።

ያን ዐቢይ ጾም አስታውስ። ኮሮና አገር ገባ የተባለ ሰሞን ከሞጣ ጥቂት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ማስኩንም አልኮሉንም ሸክፌ መጣሁ። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሲቆም ሰው ተቃቅፎ ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳም አየሁና ማስኬን አጠበቅሁ። ቤት ስደርስ ገና ሳልቀመጥ ትእዛዜን ጀመርሁ። ሰው ተራርቆ ይቁም፣ እጅ ይታጠብ፣ አንተም በየንስሐ ልጆችህ ቤት መዞርህን ተው። «መቼ ነው የተሾምሽው?» ብለህ ሳቅህብኝ። ቢሆንም ሰማኸኝ።

መቋሚያህን ይዘህ ወጣህና የደብሩን ቅጥር ግቢ በእሱ ትለካ ገባህ። በሰውና በሰው መካከል አንድ መቋሚያ። መጀመሪያ በኖራ ምልክት አደረግህ፤ ዝናብ አጠበው። ቀጥለህ ድንጋይ እያነሣህ ደረደርህ፣ ላግዝህ ብልህም እንቢ አልህ። «አንድ መቋሚያ! አንድ መቋሚያ!» እያልህ ስትጮህ የተቆጣህ ነበር የምትመስለው። ድንጋዮቹ ዛሬም አሉ። አሁን በሰንበቴ ቀን ሽማግሌዎቹ ይቀመጡባቸዋል፤ «ተነሣ፣ ይኸ የእኔ ድንጋይ ነው» እየተባባሉም ይጨቃጨቁባቸዋል። ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር።

የደብሩ በር ላይ የሰቀልነው ባለ ቧንቧ ጀሪካንስ! ለንግሥ ከገጠር የመጡ እናቶች ጠበል መስሏቸው በጠርሙስ እየቀዱ እንደ ወሰዱት በስልክ ስትነግረኝ «ኧረ ሳሙና የነካው ውኃ ነው አባዬ!» ብዬ ጮህሁብህ። አንተ እቴ! «በእምነት ከወሰዱት መቼም አይጎዳቸውም» ብለህ ዘጋኸው።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተከራከርኸኝ፤ መስቀሉ ላይ። ያ ከአያትህ የወረስኸው የወይራ መስቀል ስንቱ ግንባር፣ ስንቱ ከንፈር ያለሰለሰው ነው። «መስቀል ያድናል እንጂ መቼ ያሳምማል?» አልኸኝ። እኔም እንዳመጣልኝ መለስሁ፤ መስቀሉ አይደለም፣ አፋችን ነው፣ በሽታው በምራቅና በትንፋሽ ነው የሚሄደው አልሁህ። በማግሥቱ ጠዋት ጋቢህን ስትለብስ «በጀ፣ የሰው ነፍስ ከሚጠፋ የእኔ ልማድ ይቅር» አልህ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ መስቀሉን ከእጅህ ተቀበልሁና በአልኮል ፈተግሁት። አንደኛው ክንፉ ላይ ያ ጥቁር ወዙ ለቅቆ ነጣ። አገላብጠህ አየኸውና «ልጄ፣ የአያቴን እጅ ሳይቀር ጠረግሽው እኮ» አልኸኝ። ደነገጥሁ፤ ግን ይቅርታ አላልሁህም። ሥራ ላይ ስሆን ግትር ነኝ፣ ታውቀኛለህ።

እሑድ ጠዋት ወደ ደብሩ ስንሄድ ከጎንህ ነበርሁ። ለሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ አስረዳለሁ ብለህ ነበር። ገና መንገዱን ስንይዝ እትዬ ውዴ ከበራቸው ወጡ፤ እንደ ወትሯቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው ሊሳለሙ መጡ። እጅህ በልማዱ መስቀሉን ይዞ ከጋቢህ ወጣ። እኔ ዓይኔን አፈጠጥሁብህ። ደንገጥ አልህና እጅህን ሳብህ፣ መስቀሉንም መልሰህ ከጋቢህ ሥር ከተትኸው። ግራ ስለ ገባህ ከሩቅ መባረኩንም ረሳኸው፤ አንዲት ቃል ሳትናገር አለፍን። ዞር ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። እንዲያውም «ጎሽ አባዬ» ብዬሃለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ነገርህ። መስቀሉን ከፍ አድርገህ ከሩቅ ስትባርክ የሚያጉረመርምም ነበር፤ አንዱ ቀልደኛ «አባ ለማን ቆጥበውት ነው?» ሲልህ «ለእናንተው ነው፤ ለከርሞ እንድትሳለሙት» ብለህ አሳቅሃቸው። እትዬ ውዴ ግን ያን አልሰሙም። ከመንገድ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር።

ሰኞ ወደ ሞጣ ስመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኸኝ። ረዳቱ «ሞጣ! ሞጣ!» እያለ ሲጣራ አንተ ያስተማርሁህን ሁሉ ረስተህ መስቀሉን ዘረጋህልኝ። ወደ ኋላ አልሁና «አባዬ!» ብዬ ጣቴን ነቀነቅሁብህ። ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። መኪናው ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ በስልክ ብቻ ነበርን። ስትደውል የምትነግረኝ የእትዬ ውዴን ጎበዝነት ነበር። «ያስተማርሽውን ከሁሉ አብልጣ የያዘችው ውዴ ናት፤ ጧፉን በጎረቤት ትልካለች እንጂ እግሯን ከቤት አታነሣም» አልኸኝ። በዐውደ ምሕረትም «እንደ ውዴ ተጠንቀቁ» እያልህ ምሳሌ አደረግሃቸው። እኔማ ኮራሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አንዲት የቢቸና እናት ትምህርቴን እንዴት እንደ ተቀበሉ አወራሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ጉረኛ ነበርሁ።

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ እማዬ ደወለች። ሥራ የተመደብሁት ለይቶ ማቆያው ውስጥ ነበር። አንተን የወሰደህ በሽታው አልነበረም፤ ያ የቆየው የልብ ሕመምህ ነው። እኔ ግን ለቀብርህ ስመጣ ከማን ጋር እንደ ዋልሁ አውቃለሁና ማንንም አልነካሁም። እማዬን እንኳ አላቀፍኋትም፣ አባዬ። በደረደርሃቸው ድንጋዮች ላይ አንድ መቋሚያ እየተራራቅን ቆምን፤ ያ ሁሉ የንስሐ ልጅህ ቀርቶ በጣት የምንቆጠር ሰዎች ቀበርንህ። ዝናቡ ፍትሐቱን እያስተጓጎለ ይወርድ ነበር። እትዬ ውዴን ከአጥሩ ውጭ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው አየኋቸው። አልቅሰው ፊታቸው አብጧል። «እንዴት ያሉ ጥንቁቅ ሴት ናቸው» ብዬ አለፍሁ። መስቀልህን በነጠላህ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁና ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

በሽታው አለፈ። ሰው ተቃቀፈ፣ ማኅበሩም ሰንበቴውም እንደ ገና ጀመረ። ቀጥሎ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩም ሲጠፋ ሲመጣ፣ ለሙት ዓመትህ እመጣለሁ እያልሁ ሳልመጣ ዓመቱ በዓመቱ ላይ ተደረበ። ዘንድሮ ግን ተሳካልኝና መጣሁ።

በመጣሁ በማግሥቱ ቅዳሴ ስሄድ እትዬ ውዴን ከበሩ ውጭ፣ አንድ ዘንጉ በተሰበረ ጃንጥላ ሥር ቆመው አየኋቸው። ዝናቡ ጫማቸው ውስጥ ገብቷል። እማዬን ብጠይቃት «ኮሮና ለምዶባቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገብተው አያውቁም» አለችኝ። ነገሩ አላማረኝም። ከሰዓት በኋላ የደም ግፊት መለኪያዬን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። እህታቸውም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር።

የእትዬ ውዴን ክንድ ጠቅልዬ ግፊታቸውን ስለካ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባትሽ ሲሞቱ ስለ እኔ የተናገሩት ነገር አለ?» አሉኝ። እኔም ሳቅ ብዬ «እንዴታ! እስኪሞት ድረስ ‹እንደ ውዴ ሁኑ› ሲል ነው የኖረው» አልኋቸው። እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ትክ ብለው አዩኝና ማልቀስ ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ እሑድ በፊት ለንስሐ መጥተው ከእህታቸው ጋር በእናታቸው ቦታ ድንበር ተጣልተው እንደማይነጋገሩ ነግረውህ ነበር። አንተም ለቀኖና የሰጠሃቸው ስግደትም ጾምም አልነበረም፤ ፋሲካ ሳይደርስ ታረቂ ብቻ አልሃቸው። እሳቸው ነገ ዛሬ እያሉ አዘገዩት። በዚያ መሐል መስቀሉን ስትነሣቸው «አባ ገዘቱኝ» ብለው አመኑ። የበሽታውን ነገር ኋላ ላይ ሰምተዋል። «ሌላውን ከሩቅም ቢሆን ባረኩት፤ እኔን ግን ዝም ብለው ነው ያለፉኝ። የእኔ በኃጢአቴ ነው» አሉኝ። ለማንም አልተናገሩም፤ ተገዝቻለሁ ብሎ የሚያወራ ማን አለ?

በዚያው ሳምንት በእግራቸው ሄደው እህታቸው እግር ላይ ወደቁ፤ ታረቁ። ቀኖናቸውን ፈጽመው፣ የተገዘተ በምን ፊቱ ይቀርባል ብለው አንተ እስክትመጣ ጠበቁ። አንተ ደግሞ በእኔ ትእዛዝ ቤት ለቤት መሄድህን ትተሃል። እንዲሁ በራቸውን እያዩ ሲጠብቁህ ሞትህ። የገዘተ ካልፈታ ማን ይፈታኛል ብለው ሌላ የነፍስ አባት አልያዙም። አልቆረቡም። ጧፉን ፈትለው በሰው እጅ ያስገባሉ፣ ራሳቸው ከውጭ ሆነው ሲበራ ያያሉ። «ሞትስ ለማንም አይቀር፤ ሳልፈታ መሞቴ ነው የሚያሳስበኝ» አሉኝ።

አባዬ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያፈጠጥሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ በእኔ ደንግጦ ነው፣ እንኳን ሊገዝትዎት በልቡም አላሰበው ብዬ ማልሁ፣ ተገዘትሁ። እሳቸው እኔኑ ያጽናኑ ጀመር። ጉልበቴን እየደባበሱ «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ ልጅነትሽ ነው። ግን አንቺ ካህን አይደለሽ፤ በአንቺ አፍ አልፈታም» አሉኝ። ግፊታቸውን ሳላነበው ወጣሁ። ተመልሼ ነው የለካሁት።

ቀጥ ብዬ ቄስ አዳሙ ዘንድ ሄድሁ። ያኔ ዲያቆንህ የነበረው አዳሙ ዛሬ በአንተ ቦታ ያገለግላል፤ እኔም አንቱ ማለት ለምጃለሁ። ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቁም። ከመነሻው እስከ መጨረሻው፣ ያን የከርሞውን ቀልድህን ሳይቀር ነገርኋቸው። ጢማቸውን ይዘው አሰቡና «ያልታሰረ አይፈታም ብዬ ባስረዳቸው ልባቸው አያርፍም። የአባን መስቀል አምጭልኝ» አሉኝ። እማዬ ሣጥኑን ከፈተችልኝ። ነጠላህን ስገልጠው ያ የነጣው ክንፉ እንደ ነጣ ነበር።

የሙት ዓመትህ ቀን ደረሰ። ጾም ነውና ዳቦውንና ንፍሮውን አዘጋጅተን በጠዋት አስገባን። እትዬ ውዴ እንደ ልማዳቸው ከበሩ ውጭ ቆመዋል፤ እህታቸው ጃንጥላውን ይዘውላቸዋል። እኔ የሰማሁት ቅዳሴ የለም፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ባይቀበሉትስ? አሁንም አልተፈታሁም ቢሉስ? እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ቅዳሴው እንዳበቃ ቄስ አዳሙ መስቀልህን ይዘው ወጡ። በደረደርሃቸው ድንጋዮች መካከል አልፈው ወደ በሩ ሄዱ፤ እኔም ከኋላቸው። እትዬ ውዴ መስቀሉን ገና ከሩቅ ሲያዩት አወቁት። ወደ ኋላ ሊሉ ነበር፣ እህታቸው ያዟቸው። ቄስ አዳሙ ቀረብ ብለው «አባ ‹ለከርሞ› ብለው ያቆዩልዎት ነው» አሏቸው። «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለውም ዘረጉላቸው።

እትዬ ውዴ ግንባራቸውን አስነኩ። ሳሙት። እንደ ገና ሳሙት። የቄስ አዳሙን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው መስቀሉ ላይ ተደፍተው አለቀሱ፤ ቄሱም እጃቸውን ሳይስቡ ቆሙላቸው። እህታቸው እልል ሊሉ ቃጣቸውና የሙት ዓመትህ ቀን መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ከዚያ እትዬ ውዴ በሩን ተሻገሩ። ጥቂት ሄደው ደከማቸውና ከድንጋዮችህ አንዱ ላይ ተቀመጡ። የድንጋዩ ባለቤት ነኝ የሚሉት ሽማግሌ እንኳ «ተነሡ» አላሏቸውም።

ቄስ አዳሙም ዞረው መስቀሉን ወደ እኔ ዘረጉ።

ያን ጊዜ ነው መናኸሪያው ትዝ ያለኝ። ከዚያች ሰኞ ወዲህ መስቀልህን ተሳልሜው አላውቅም፤ አንተ ዘርግተህልኝ፣ እኔ ጣቴን ነቅንቄብህ ነበር የተለያየነው። ያ የጠረግሁት ክንፍ ፊቴ ላይ ነው። የእትዬ ውዴ እንባ አልደረቀበትም። እጄ በሥራ ልማዱ መጥረጊያ ፍለጋ ወደ ኪሴ ሄደ። መልሼ ሳብሁት። እንደዚያው፣ እንደ እርጥብነቱ ሳምሁት።

መስቀልህ ወደ ሣጥን አልተመለሰም። ቄስ አዳሙ ይዘውታል፤ እትዬ ውዴም እሳቸውን የነፍስ አባት አድርገው በየጠዋቱ መንገድ ላይ እየጠበቁ ይሳለሙታል። እኔ ነገ ወደ ሞጣ እሄዳለሁ። በየዓመቱ ለፍልሰታ መንገዱ ከፈቀደ ራሴ ጥጥ ይዤ እመጣለሁ፣ ካልፈቀደም በሰው እጅ እልካለሁ፤ እትዬ ውዴ ሊፈትሉልኝ ቃል ገብተዋል፣ ጧፉ በስምህ ይበራል። አንተን ባሰብሁ ቁጥር መናኸሪያው ላይ፣ ረዳቱ እየተጣራ፣ መስቀሉን ወደ እኔ እንደ ዘረጋህ ነው የማይህ። በሕይወት እስካለሁ ያ እጅህ ከዓይኔ አይጠፋም። ዘግይቻለሁ አባዬ፤ ግን ይኸው መጣሁ፣ ተሳለምሁ።

ዶክተሯ ልጅህ